ሽማግሌዎቹ፣ እኔና የጭስ ማውጫው ቀዳዳ

ሽምግልና ሲባል እናንተ የሚታያችሁ ጋቢ የደረቡ አባቶች በሰው ደጅ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ይሆናል። እኔ ግን የሚታየኝ ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ጥቁር ውሃ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ ያን ቀን በቂ ሰው ስቆብኛል።

ስሜ ኤብሴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እናቴ ደግሞ ነርስ እንድሆንላት ለዓመታት ጸልያለች። እግዜር ሳይሰማት ቀርቶ ይሁን ሰምቶ ሌላ አስቦ እንጃ፣ እኔ አውቶ መካኒክ ተምሬ ወጣሁ። ይህ ነገር የደረሰብኝ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ጋሽ ዘለቀ ጋራዥ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ስማቸው የታወቀ መካኒክ ናቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳምጠው «ሦስተኛዋ ሲሊንደር አሟታል» ይላሉ። ሲፈታ ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች። እንደሳቸው ያለ ጆሮ እስከዛሬ አላየሁም። ችግሩ ሴንሰር የሚባል ነገር ሲነሣ ነው። ሴንሰር ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የሌለውን ነገር ደግሞ ጋሽ ዘለቀ አያምኑም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አቶ ገዛኸኝ ነጭ የቤት መኪናቸውን እያስሳሉ መጡ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ የጋሽ ዘለቀ የልጅነት ጓደኛ። መኪናዋ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ቆማ ስትሠራ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት በርቶ ቀርቷል።

«ዘለቀ፣ እሑድ አርሲ ሮቤ መሄዳችን ነው» አሉ አቶ ገዛኸኝ። «ለልጄ ለናትናኤል ሚስት ልንጠይቅለት። የልጅቷ አባት ኦቦ ቱሉ ‹ፀሐይ ሳትበረታ ኑ› ብሏል። ለታላቅየዋ የመጡትን ሽማግሌዎች አረፈዱ ብሎ ከደጅ የመለሰ ሰው ነው። ተናጋሪያችን ደግሞ አንተ ነህ።»

«እንኳን ሮቤ፣ ሞያሌም ታደርስሃለች» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

እኔ በዚህ መሐል ከሥር ገብቼ ነበር። ያየሁት ነገር አሳቀኝ። የቀድሞው የጭስ ማውጫ ቱቦ ዝጎ ተበስቶ ኖሮ አንድ ሰው ቆርጦ ጥሎ በምትኩ ሌላ ቱቦ በይዶበታል። አዲሱ ቱቦ ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለም። ታዲያ ሰውዬው ሴንሰሩን የት ቢያደርገው ጥሩ ነው? በሽቦ ከመኪናዋ ሆድ ጋር ጠፍሮ ሜዳ ላይ አንጠልጥሎት ሄዷል!

ለማታውቁት ላስረዳ። ይህ ሴንሰር አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። ሥራው ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ እያሸተተ ውስጡ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ ለመኪናዋ ኮምፒውተር መንገር ነው። ኦክስጅን በዝቷል ሲለው ኮምፒውተሩ «እንግዲያው ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይጨምራል። ይኼኛው ሴንሰር ግን ጭስ በማሽተት ፈንታ የአሰላን ንጹሕ አየር እየሳበ «ኦክስጅን በዛ! ኦክስጅን በዛ!» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ያርከፈክፋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሁሉ ጥላሸት ለብሰዋል።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ቱቦውን በስተን የብሎን ዳዶ እንበይድበትና ሴንሰሩን እንሰርበት» አልኩ ከሥር ብቅ ብዬ። «ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርገን፣ አራቱ ቱቦዎች አንድ ከሆኑበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከላይ በኩል።»

«ከላይ? እዚያ እንኳን ቁልፍ እጅሽም አይገባም። ከኋላ፣ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ጋ ሳይደርስ፣ ከታች በኩል ብንበሳለት በአንድ ሰዓት ያልቃል።»

«ከኋላ ጭሱ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ሴንሰር ደግሞ የራሱ ማሞቂያ የለውም፣ ካልጋለ አይሠራም። ከታች ከሆነ ጠዋት ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ይተኛበታል። መሐል ላይ ያለው መገጣጠሚያም አየር ያስገባል፤ እሱን አሽትቶ እንደገና ይዋሻል።»

«ኤብሴ!» አሉ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ጭስ ጭስ ነው። ከፊት ቢሸተት ከኋላ ያው ጭስ ነው። እኔ ሞተር ስፈታ አባትሽ ሱሪ አልታጠቀም ነበር።»

አቶ ገዛኸኝ ሳቁ። ጎን ያለው ጎሚስታም ጎማውን ትቶ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

«ከኋላ፣ ከታች። ካልጣመሽ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ጎሚስታው ጋ ጎማ ስትነፊ ትውያለሽ» ብለው ጨረሱ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ አፍ ነው የሚለው።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ዘለቀ ለቅሶ ሄዱ። መገጣጠሚያውን ፈትቼ ቱቦውን አወረድኩ፤ በታዘዝኩት ቦታ ከኋላ፣ ከታች በኩል በስቼ ዳዶ በየድኩ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ቱቦው እግሬ ሥር ተጋድሟል፣ መሰርሰሪያው እጄ ላይ ነው። «አንድ ቀዳዳ ብትጨምሪ ማን ያይሻል?» አለኝ አንድ ክፉ መንፈስ። እኔም ብዙ አላስለመንኩትም። ወደ ሞተሩ ቀረብ አድርጌ፣ ከላይ በኩል ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ያለች ሁለተኛ ቀዳዳ በስቼ ዳዶ በየድኩባት። በብሎን ደፈንኳት። አዲስነቷ እንዳያስታውቅ ጥላሸት ቀባሁባት። ሴንሰሩን በትእዛዙ መሠረት ከኋላ አሰርኩት፤ ሽቦው አልደርስ ስላለ ቀጠልኩለት። ካንዴላዎቹን አጽድቼ ሁሉን ወደ ቦታው መለስኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ዘለቀ ሞተሩን አስነሥተው አዳመጡ። ጭሱ ጠፍቷል፣ መንቀጥቀጡም የለም።

«አላልኩሽም?»

ካንዴላዎቹ ንጹሕ ስለሆኑ ነው፣ ቆይተው ያዩታል ልል አልኩና ዋጥኩት። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ነገ አብረሽን ትሄጃለሽ። የሚላላ ነገር ቢኖር እኔ በሙሉ ልብስ ከመኪና ሥር አልተኛም። ግን ቤት አትገቢም፤ መኪናው ውስጥ ሆነሽ ትጠብቂናለሽ።»

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለብሻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሃያ ሁለት ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የብረት ብሩሽ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አለ። አቶ ገዛኸኝ ይነዳሉ፤ ጋሽ ዘለቀ ከጎናቸው በከረቫትና በባርኔጣ ተቀምጠው የሚናገሩትን በሹክሹክታ ይለማመዳሉ። ከኋላ ከእኔ ጋር ሦስተኛው ሽማግሌ ኦቦ ከድር አሉ፤ የአቶ ገዛኸኝ ጎረቤት፣ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይናገሩ ሰው።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭጋጉ የገብስ ማሳው ላይ ተኝቷል። ሮቤ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ ዳገት ላይ መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ተንቦለቦለ። ተንቀጠቀጠች፤ አንዴ ዘለለች፤ ቆመች።

አቶ ገዛኸኝ ደጋግመው ቁልፉን ቢያዞሩ እንቢ አለች። ጋሽ ዘለቀ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና ካቻቢቴ አምጪ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የቆመ ሞተር ምን ይነግራቸዋል? ትንሽ ቆይተው ካቻቢቴውን መለሱልኝ።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። አቶ ገዛኸኝ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጄን አዋረድኩት» ይላሉ ለራሳቸው። ያኔ ነው መናገር እንዳለብኝ የገባኝ።

«ጋሽ ዘለቀ… ካንዴላዎቹን አጽድቼ ሴንሰሩን ወደ ላይኛው ቀዳዳ ላዛውረው።»

«የቱ ላይኛው ቀዳዳ?»

አጎንብሼ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ።

«የቱ ላይኛው ቀዳዳ ነው የምልሽ?»

«ዓርብ… ለቅሶ ሄደው ሳለ…»

«ለቅሶ ሄጄ!» ሰማይ ሰማይ አዩ። «ሰው ቀብሬ እስክመለስ አንቺ ከጀርባዬ ትበሻለሽ?»

«ዘለቀ፣ ቁጣህን ለመመለሻችን አስቀምጠው!» አሉ አቶ ገዛኸኝ። ኦቦ ከድርም የቀኑን ሦስት ቃል አወጡ፦ «ልጅቷ ሥራዋን ትሥራ።»

ካንዴላዎቹን ፈትቼ በብሩሽ እስካጸዳ ቱቦው ቀዘቀዘ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብተን መኪናዋን በክሪክ አነሣናት፤ ከጎን በትልቅ ድንጋይ አስደገፍናት። የቀረው ከሥር መግባት ነው። ግን ቀሚስ ለብሻለሁ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው ያልፋል። ኦቦ ከድር ጋቢያቸውን አወረዱ። አቶ ገዛኸኝም አወረዱ። ጋሽ ዘለቀ ጥርሳቸውን ነክሰው ከሁለቱም ጋቢ ጫፍ ጫፉን ያዙ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሦስቱንም ጎን በጋቢ ጋርደው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ቆሙ። እኔ ከውስጥ ተጋደምኩ።

ከታች ያለው ሴንሰር ነክሶ ይዞ አልፈታ ብሏል። ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ «እምምም! ውይ እናቴ!» እያልኩ እታገላለሁ። በዚህ መሐል አንድ ጋሪ ሲደርስ ሰማሁ።

«አካም ጂርቱ?» አለ ባለ ጋሪው። «ምን ሆናችሁ ነው?»

ጋሽ ዘለቀ የታወቁ መካኒክ ሆነው የሠራኋት መኪና ቆመች ይበሉ? ጋቢውን ጨብጠው ተራራ ተራራ ያያሉ። እኔ ደግሞ «ውይይይ!» አልኩ።

«ያ ረቢ! ምጥ ነው!» ብሎ ባለ ጋሪው ፈረሱን ገርፎ ራቅ ብለው ወደሚታዩት ቤቶች ከነፈ።

ብዙም አልቆየ፣ አንዲት ወፍራም እናት የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከጋሪው ዘለው ወረዱ። «ወዲያ ዞር በሉ! ወንድ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተደናገሩ። ሴትየዋ በጋቢው ሥር አንገታቸውን አስገቡ። ከእግሬ በቀር የሚያዩት ነገር የለም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ! አምጪ! አምጪ!»

ሴንሰሩን ስጪኝ የሚሉኝ መሰለኝ። «ገና አልተፈታልኝም!» አልኩ።

«ይፈታልሻል! ፈጣሪ ይፈታልሻል! ጠንከር ብለሽ አምጪ!»

አንዴ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ላላ። ሲወጣ ከቀዳዳው ጥቁር ውሃ ተከትሎ ግንባሬ ላይ ተንጠባጠበ። ሴንሰሩን ይዤ፣ ፊቴ ከሰል መስሎ ብቅ አልኩ። ሴትየዋ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና እጄን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሴንሰር ነው።»

«ለብረት ነው ይህን ሁሉ የሮጥኩት?» ብለው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ገላመጡና ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው እያጉረመረሙ በመጡበት ጋሪ ተመለሱ።

ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ ብለው ከታችኛው ቀዳዳ የሚፈሰውን ውሃ አዩ። ጣታቸውን ነክረው አዩት። ከላይኛው ዳዶ ብሎኑን ፈትቼ የታችኛውን ደፈንኩበት፤ ሴንሰሩን ከላይ አሰርኩ፤ የቀጠልኩትን ሽቦ አወጣሁ። ኮምፒውተሩ የተማረውን ውሸት እንዲረሳ የባትሪውን ገመድ ጥቂት ደቂቃ ፈትቼ መለስኩ። አቶ ገዛኸኝ ቁልፉን አዞሩ። ሁለቴ አንገራገረችና ተነሣች፤ ጥቂት ሄደን ስትግል ጭሱ ጠፍቶ ሞተሩ ሥራውን ለሰለሰ።

ኦቦ ቱሉ ግቢ ስንደርስ ፀሐይ አናት ልትበሳ ነው። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ኦቦ ቱሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈገግ የማይሉ ሰው ናቸው።

«ፀሐይ ሳትበረታ ነበር ያልኩት» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መንገድ ሙሉ የተለማመዱት ንግግር ለዚህ ወቀሳ የሚሆን ቃል የለውም። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ አሉ፦ «መንገድ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት አገኘንና… ጥለን ማለፍ አልቻልንም።»

የኦቦ ቱሉ ፊት ወዲያው ተፈታ። «ዱጉማ? እውነት? ይህማ ጽድቅ ነው! ምን ወለደች?»

«ሴት» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ወንድ» አሉ አቶ ገዛኸኝ፣ በአንድ ጊዜ።

ኦቦ ከድር ወደ መሬት እያዩ «መንታ ነው» አሉ።

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ኦቦ ቱሉ ተደንቀው «ማን አዋለዳት ታዲያ?» ሲሉ ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ። ከመኪናው ተጠራሁ። ቀሚሴ አቧራ፣ ፊቴ ጥላሸት፣ እጄ ግራሶ ነው። ኦቦ ቱሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይህች ናት አዋላጇ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት በግቢው በር ያቺው ጋሪ ገባች። ማንቆርቆሪያ የያዙት እናት ወረዱ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ የኦቦ ቱሉ ታላቅ እህት ናቸው፤ ለካ ለዚሁ ሽምግልና ሊመጡ ሲሰናዱ ነው ያቋረጥናቸው።

«ቱሉ!» አሉ ከሩቅ። «ያረፈድኩበት ምክንያት እነዚህ ናቸው! ብረት የሚያዋልዱ ሰዎች!»

ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ከጩኸት ይከብዳል። «ደጄ ላይ ሶባ? ልጄን ልትጠይቁ መጥታችሁ በመጀመሪያ ቃላችሁ ዋሻችሁኝ?»

የናትናኤል ትዳር እዚያች ደጅ ላይ ሲያልቅ ታየኝ። ሳቄ ጠፋ።

ያኔ ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «መኪናዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ‹ሴንሰሩ ከላይ ይሁን› አለችኝ። እኔ ‹ከታች› አልኩ። ሰው ፊት አዋረድኳት። ውሃ ገባበትና መንገድ ላይ አስቆመን። አርባ ዓመት መካኒክ ነኝ፤ ይህን ከመናገር መንታ መውለድ ቀለለኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጫልቱ ናቸው። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኦቦ ቱሉ ግን አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ከላይ መሆን እንዳለበት ካወቅሽ ለምን በመጀመሪያው ከላይ አላደረግሽውም?»

«አድርጌው ነበር… ግን ደብቄ ነው። ሁለተኛ ቀዳዳ። ስለፈራሁ።»

አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። እሳቸው በአፋቸው፣ አንቺ በብየዳ።» ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አሁን እውነቱን ስለተናገራችሁ ጥያቄያችሁን ሰማሁ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። በጊዜ። ይህችም ልጅ ትምጣ፤ ከእናንተ ጋር ገብታ ትቀመጣለች።»

ሽምግልና ለሚያውቅ ሰው «ተመለሱ» ማለት ግማሽ እሺታ ነው። አቶ ገዛኸኝ መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን አስነሡ። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ተጓዝን። ከዚያ ጋሽ ዘለቀ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጠየቁኝ፦

«ጋራዤ ውስጥ ከጀርባዬ የሠራሽው ሌላ ነገር አለ?»

ልዋሽ አልኩ። የዚያን ቀን ግን ውሸት አንገሽግሾኝ ነበር። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ አቶ ገዛኸኝ ሳቅ አሸንፏቸው መኪናዋን ዳር አስያዟት።

ሰኞ ጎማ ልነፋ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ጋሽ ዘለቀ ጎሚስታው ባለበት ጠሩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የማትስማሚበት ነገር ካለ ፊቴ ላይ ተናገሪ። እቆጣለሁ። ብቆጣም ተናገሪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጎረቤት የተጣላን እስኪመስለው ተጨቃጨቅን። ብዙውን ጊዜ እሳቸው ልክ ነበሩ፤ ይህንንም ልናገር። ዓይናቸው ሲደክም የጋራዡን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ድሮ የማወራው እንደ ድሌ አድርጌ ነበር። ልክ የነበርኩት እኔ፣ የተሳሳቱት ሽማግሌው። አሁን ሳስበው ግን እኔ ያን ሐሙስ ጎማ መንፋት ፈርቼ፣ እንደምትቆም የማውቃትን መኪና አራት ሰው አሳፍራ ወደ ዳገት ስትወጣ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ቀዳዳውን ማዘጋጀቴ ብልጠት እንጂ ድፍረት አልነበረም። እውነትን ደብቆ መያዝና መናገር አንድ መስሎኝ ኖሬ ነበር።

ባለፈው ወር አብሮኝ የሚሠራው መካኒክ ደንበኛ ፊት «ተሳስተሻል» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ጆሮዬ ጋለ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥ አድርጌ ቁልፉን አቀበልኩትና «እስኪ አሳየኝ» አልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈታ፣ ገጠመ፣ ፈታ።

በነገራችን ላይ፣ የተሳሳተው እሱ ነበር። ያን ቀን ምሳ የጋበዝኩት ግን እኔ ነኝ።